የፊት ጎማ ኩሽኔታ አታንቁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ 27 ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ አሁን ጉልበቴን ስላመመኝ መሪ ከለቀቅኩ ቆየሁ፣ ጋዜጣችሁን ግን ሁሌ አነባለሁ። የምፅፈው ስለ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ትንሽ ነገር ነው ይለዋል፣ እኔ ግን ትንሽ ነው ብዬ አላምንም። መኪና ሲገለበጥ ወይ ጎማ ወልቆ ሲሄድ ጋዜጣ ላይ የምናነበው "በቴክኒክ ጉድለት" የምትለዋን ሁለት ቃል ነው፣ ከዛ በኋላ ወሬው ያልቃል። የቱ ጉድለት? የቱ ዳዶ? መጨረሻ ላይ የነካው ማነው? አይጠየቅም። ዛሬ ከነዚህ ጉድለቶች አንዱን፣ የአሮጌ ጭነት መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ለስለስ ብሎ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ሮለር ቀለበት) በዳዶ እንዴት ጠብቆ እንደሚታሰር፣ የማውቀውን ልፅፍላችሁ ነው፣ ረዘም ቢልም እባካችሁ አትቁረጡብኝ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የዛሬ 18 ዓመት አካባቢ ነው፣ አሮጌ ኤንትሬ ፊያት ነበር የምነዳው፣ ንብረትነቱ የሰው ቢሆንም እኔ እንደ ገዛ ቤቴ ነበር የማየው። የፊት ፍሬን ሸራ አልቆ ስለነበር አንድ ጋራዥ አስገባነው፣ ሸራው ተቀየረ፣ ኩሽኔታው ታጥቦ ግራሶ ገባበት፣ ሸራው የሚይዘው የብረት ከበሮ፣ ታምቡሩ፣ ተመለሰ፣ ከዛ መካኒኩ ኩሽኔታውን ቦታው ላይ የሚያስረውን ዳዶ በትልቅ ቁልፍ ያዘና የቁልፉ እጀታ ላይ ቱቦ ቀጥሎ በሙሉ ሰውነቱ ተንጠለጠለበት። ጎማው ከተገጠመ በኋላ በእጄ ላዞረው ስሞክር በግድ ነው የሚዞረው። "ወንድሜ ጠበቀ እኮ" አልኩት። "አይዞህ፣ ሲሄድ ይላቀቃል" አለኝ። እኔም ባለሙያው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ጭነት እየጠበቀኝ ነበር፣ ባለንብረቱም ስልክ እየደወለ ነበር፣ በቃ ወጣን።

የጫንነው ገብስ ነው፣ ወደ ደሴ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ምንም ምልክት አላየሁም፣ ምክንያቱም መንገዱ እዛ ድረስ ደጋ ለደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ፍሬን ብዙ አይረገጥም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉም ነበር፣ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ፍሬን እያበዛሁ ነው የወረድኩት። ደብረ ሲናን እንዳለፍን ሽታ መጣ። እዛ ቁልቁለት ላይ ሽታ ብርቅ አይደለም፣ የሁሉም መኪና ሸራ ይሸታል፣ ለመድነው። ረዳቴ የመንዝ ልጅ ነበር፣ 19 ዓመቱ፣ አንገቱን በመስኮት አወጣና "ጋሼ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሸተው" አለኝ። ሮቢት ስንደርስ እናየዋለን አልኩት። ይሄን መልስ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

አርማንያ ሳንደርስ መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ፣ ከዛ ድምፅ መጣ፣ እህል ሳይኖርበት እንደሚዞር ወፍጮ ድንጋይ ያለ ድምፅ፣ ወዲያው በጣም ቀንሼ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል አስጠግቼ አቆምኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቦታው ሰፋ ያለ ነበር። ረዳቴ እንደለመደው ዘሎ ወርዶ ለኋላ ጎማ ታኮ አደረገና ወደ ፊት መጥቶ ጭስ የሚወጣበትን ሞዞ፣ የጎማውን የመሀል ብረት፣ በመዳፉ ያዘው። የመዳፉ ቆዳ እዛው ብረቱ ላይ ቀረ። ጩኸቱ አሁንም ይሰማኛል። ያ ልጅ ዛሬ ራሱ ሹፌር ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ሲጨብጠኝ ጠባሳው ይታወቀኛል። ይሄን ደብዳቤ የምፅፈው ለሱና እንደሱ ላሉት ነው።

ሁለት ሌሊት እዛው አደርን። መካኒክ ከሮቢት መጥቶ ሲከፍተው የውጪው ኩሽኔታ ማቀፊያ ተሰባብሮ ደቆ፣ ሮለሮቹ ጠፍጥፈው፣ ብረቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ የውስጠኛው ቀለበት ደግሞ ጎማው ከሚዞርበት ብረት ከአሴው ጋር እንደተበየደ ተጣብቆ ነው ያገኘነው። ግራሶ የሚባል ነገር የለም፣ ጥቁር አመድ ብቻ። ሽማግሌ ሰውዬ ነበር የመጣው፣ ምንም አልተናገረም፣ ዳዶውን እያየ ብዙ ቆየና "ይሄን አንቀውት ነው" አለ። "አንቀውት" ያላት ቃል ከዛ ቀን ጀምሮ አልወጣችልኝም፣ ከዛ በኋላ ነው እኔም ነገሩን ከሱ፣ ከሌሎች አዋቂዎችና ከማኑዋል እየጠየቅኩ የተማርኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የፊት ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጪ በዳዶው በኩል። ሮለሮቹ ቀጥ ያሉ በርሜሎች አይደሉም፣ ሾጣጣ ናቸው፣ አንዱ ጫፋቸው ቀጠን ይላል፣ የሁለቱም ቀጭን ጫፍ ወደ መሀል ሆኖ ነው የሚገጠሙት። ይሄን አይነት ኩሽኔታ እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሄንሪ ቲምከን የሚባል ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው፣ ስራው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ጋሪ ሰሪ ነበር። እኛ ደብረ ብርሃን ጋሪ ስለምናውቅ ይገባናል፣ ጋሪ የከበደ ነገር ጭኖ ኩርባ ሲዞር ጎማው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ነው የሚገፋው፣ ቀጥ ያለ ሮለር የጎኑን ግፊት አይችለውም፣ ሾጣጣው ግን ሁለቱንም ይችላል። የጣርማ በርን ኩርባዎች በጭነት የሚወርድ መኪና ፊት ጎማ ላይ የሚሆነው ይሄው ነው፣ ወደ ግራ ስትዞር ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ግራው ላይ፣ እስክትወርድ ድረስ እንዲሁ ሲገፋፋ ነው።

ግን ሾጣጣ ነገር ጠባዩ ምንድን ነው? ሽብልቅ ነው። እንጨት ስትፈልጡ ሽብልቁን መታ ባደረጋችሁት ቁጥር ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ታውቁታላችሁ። የፊት ጎማ ዳዶም ስታጠብቁት የውጪውን ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ሮለሮቹ ሾጣጣ ቤታቸው ውስጥ ይወተፋሉ። ቱቦ ቀጥሎ የሚጎትት ሰው ሽብልቅ በመዶሻ እየመታ ነው ማለት ነው። ከዛ መኪናው ይሄዳል፣ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ብረት ሲሞቅ ደሞ ያብጣል፣ ድሮም ቦታ ያልተተወለት ነገር ሲያብጥ የበለጠ ይጨናነቃል፣ ሲጨናነቅ የበለጠ ይሞቃል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ ከዛ ብረት ለብረት ነው። ስለዚህ "ሲሄድ ይላቀቃል" የሚባለው ውሸት ነው። ሲሄድ ይብሳል እንጂ አይላቀቅም። ይሄን አባባል ከጋራዦቻችን ብናጠፋው ብቻ ስንት ነገር እናተርፍ ነበር።

ልቅ ማድረግም አይቻልም፣ እሱንም እንዳትረሱ። በጣም ከላላ ጎማው ይወዛወዛል፣ ሮለሮቹ ቤታቸውን እየደበደቡ ይበሉታል፣ ግራሶው እንዳይወጣ የሚዘጋው ኦይል ሲል ይቀደዳል፣ ግራሶው ወጥቶ ሸራው ላይ ይፈሳል፣ ከዛ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ጎማውም አንድ ጎኑን ብቻ ይበላል። የሚፈለገው መሀሉ ነው፣ በጣም ጠባብ የሆነ መሀል። የከባድ መኪና ማኑዋሎች ብዙ ጊዜ የሚሉት ጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ሲገፋ ሲሳብ ያለው ጨዋታ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሁን ነው። አንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ያን ሁሉ ኩንታል የተሸከመ ጎማ ጤንነቱ ያለው ከወረቀት በማይበልጥ ክፍተት ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ ሰው የማያስተውለው ሂሳብ አለ። ዳዶ ስድስት ጎን አለው። ጥርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ዳዶ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ ጎን ብቻ ስታዞሩት ሩብ ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው፣ ግማሽ ጎን ስታዞሩት 0.125። ግማሽ ጎን ማለት ከምንም ጨዋታ እስከ መጨረሻው የተፈቀደው ጨዋታ ነው! ታዲያ ይሄን ነገር በቱቦና በትከሻ ነው እንዴ የምንለካው?

አጠባበቁ እንዲህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎች በሁለት በኩል ታኮ ይደረግላቸው፣ ፊቱ በክሪክ ይነሳና ከስር ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይግባ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ክሪክ ሸርተት ብሎ ሰው የሞተበትን እኔ ራሴ ስለማውቅ ነው የምለው። ከተከፈተ በኋላ ኩሽኔታው በናፍጣ ይታጠብና በንፁህ ጨርቅ ይድረቅ። በኮምፕረሰር አየር እያሽከረከራችሁ አታድርቁት፣ ልጆች ጋራዥ ውስጥ ይሄን እንደ ጨዋታ ያደርጉታል፣ ሲጮህ ደስ ይላቸዋል፣ ግን ያለ ግራሶ በዛ ፍጥነት ሲዞር ሮለር ተፈናጥሮ አይን ያጠፋል። ከዛ በብርሃን ይታይ፣ ሮለሩ ወይም ቤቱ የተቦረቦረ፣ የተላጠ፣ ሰማያዊ የሆነ፣ መስመር መስመር የያዘ ከሆነ ይጣል። የሚቀየር ከሆነ ደሞ ሮለሩ ከነቤቱ ነው የሚቀየረው፣ አዲስ ሮለር አሮጌ ቤት ውስጥ አስገብቶ ሞዞው ውስጥ ያለውን ቀለበት ለማውጣት መስነፍ ብር መጣል ነው፣ አሮጌው ቤት ያረጀበትን ቅርፅ አዲሱ ላይ ያትምበታል።

ግራሶ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የኛ ቁልቁለት የሚበላው እሱን ነው። ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጠው ሁሉ ግራሶ አንድ አይደለም። የካልሲየም ሳሙና ያለበት ተራ ግራሶ ውሃ ይችላል፣ ለባሌስትራ ፒንና ለመሳሰለው ይሆናል፣ ግን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ለፊት ሞዞ አይሆንም። የሊቲየሙ እስከ 180 ዲግሪና ከዛ በላይ ሳይቀልጥ ይቆማል፣ ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደሞ ከሱም ይበልጣል። ቆርቆሮው ላይ ተፅፏል፣ አንብቡ። ሁለት አይነት ግራሶ አትቀላቅሉ፣ አንዳንዶቹ ሲቀላቀሉ እንደ ሾርባ ይቀጥናሉ፣ ስለዚህ አሮጌው ሙልጭ ብሎ ካልታጠበ አዲሱ አይግባ። አገባቡም መዳፍ ላይ ግራሶ ይዞ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየጫኑ፣ በሌላው ጎን በየሮለሩ መሀል ብቅ እስኪል ነው። ከላይ ቀባ ቀባ ማድረግ መግባት አይደለም። ሞዞውን እስከ አፉ ጢም አድርጎ መሙላትም አይጠቅምም፣ ትርፉ ሲሞቅ መውጫ ሲያጣ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ሸራ ላይ ይወርዳል።

ከዛ ነው ዳዶው። አንድ ሰው ጎማውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያዞረ፣ ሌላው ያጠብቃል። ሳያዞሩ ማጥበቅ የለም፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት ሲዞሩ ነው፣ ሳይዞሩ የጠበቀ ሁሉ ውሸት ጥብቀት ነው፣ 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሮለሮቹ ቦታቸውን ሲይዙ ኩሽኔታው ልቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በደንብ ጠብቆ ጎማው ሲከብድ፣ እንደገና ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ይሄ መፍታት ነው እኛ ጋ የሚዘለለው! መጀመሪያ የጠበቀው ሮለሮቹን ቦታ ለማስያዝ እንጂ እንዲቀመጥበት አይደለም። ከተፈታ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ በቀላሉ ይጠብቃል፣ ያኔም እያዞሩ ነው፣ ከዛ ማኑዋሉ ለመኪናችሁ ያዘዘውን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ምን ያህል ይመለስ የሚለው እንደ ዳዶው ጥርስና እንደ አሰራሩ ይለያያል፣ ስለዚህ የአንዱን መኪና ልክ ለሌላው አትውሰዱ። አንዳንድ የጃፓን መኪኖች ደሞ ጨዋታ ሳይሆን ትንሽ ጥብቀት ነው የሚፈልጉት፣ እነሱ የጎማ ብሎኑ ላይ በሚታሰር የስፕሪንግ ሚዛን እየተሳቡ ሞዞው መዞር ሲጀምር ስንት ኪሎ እንደሳበ ነው የሚለኩት። ሚዛን ለሽንኩርት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ማሰሪያው ሁለት አይነት ነው። በኮፒሊያ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ በሚታጠፍ ፒን፣ የሚታሰር ከሆነ ቀዳዳው አልገጥም ካለ ዳዶውን ወደ ማላላቱ በኩል ወደ ቅርቡ ቀዳዳ ነው የሚወሰደው፣ ወደ ማጥበቁ አይደለም። ኮፒሊያው ሁሌ አዲስ ይሁን፣ ሚስማር ወይ ሽቦ አይሁን፣ ሚስማር አስገብቶ የላከን ሰው አጋጥሞኛል፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ እኔም ልጆች አሉኝ፣ እንዴት እንዲህ ይደረጋል? በሁለት ዳዶ የሚታሰር ከሆነ ደሞ የላይኛው ሲጠብቅ የታችኛውን በጥርሱ ክፍተት ልክ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ልኩ የሚታየው የላይኛው ከጠበቀና በመሀላቸው ያለው ቀጭን ቀለበት፣ ሮንዴላው፣ ከታጠፈ በኋላ ነው። ከመታሰሩ በፊት ልክ የነበረ ከታሰረ በኋላ ታንቆ ሊገኝ ይችላል። ያኔ መካኒኩ "አለቀ" ብሎ እጁን ሲጠርግ እናንተ "አንዴ እንይ" በሉ። ባለጌጁ መለኪያ ካለ በሱ፣ ከሌለ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙት፣ በጣም ትንሽ፣ ከማየት ይልቅ በእጅ የሚሰማ ጨዋታ ነው መኖር ያለበት፣ ጎማውም ሳይጨናነቅ ለስለስ ብሎ መዞር አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የደብረ ብርሃን ሰው ይሄን በደንብ ይስማኝ። በጥቅምትና በህዳር ማለዳ ውርጭ ሲጥል ግራሶው ራሱ ይጠጥራል፣ አዲስ ኦይል ሲልም ይይዛል፣ ጎማው ከብዶ ስለዞረ ብቻ ጠበቀ ማለት አይደለም፣ ከሰዓት ፀሀይ ሲሞቀው ቀሎ ስለዞረም ላላ ማለት አይደለም። ስለዚህ በእጅ ክብደቱ ተለካ ብሎ ነገር አይሰራም፣ ጨዋታው ነው መለካት ያለበት።

የሚነቃነቅ ጎማ ሁሉ ኩሽኔታ አይደለም፣ ይሄን አለማወቅ ነው ብዙ ጤነኛ ኩሽኔታ ያሳነቀው። ጎማው በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ስታወዛውዙት ከተነቃነቀ፣ ረዳታችሁ ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ምክንያቱም ሸራው ታምቡሩን ይዞ ሞዞውን ከአሴው ጋር አንድ ስላደረገው ነው። ፍሬን ተይዞም ከተነቃነቀ ፔርኖ ነው፣ መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው የሚታጠፍበት ፒን ማለት ነው። ወደ ግራና ቀኝ ይዛችሁት ከተነቃነቀ ደሞ ቴስቲናውን፣ የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያ፣ እዩ። ፔርኖ ያለቀበትን መኪና ኩሽኔታ ላላ ብለው ደጋግመው ያጠበቁበትን አይቻለሁ፣ ፔርኖውም እንዳለ፣ ኩሽኔታውም ተቃጠለ።

ለምን የኛን ቁልቁለት እንዲህ እንደማነሳው ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ነው የሚማረው፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አሰላን። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ልዩነቱ ቢያንስ 1,700 ሜትር። ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን ብቻ የሆነ መኪና ይሄን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር 500 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል አለኝ። ሁለት በርሜል ተኩል ውሃ! ይሄ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፣ ሞተሩ በትንሽ ማርሽ ከያዘው የተወሰነውን ሞተሩ ይወስደዋል፣ ንፋሱም ይወስዳል፣ የቀረው ታምቡሩ ላይ ነው፣ ታምቡሩ ደሞ ያለው ሞዞው ላይ ነው፣ ኩሽኔታው ያለው ሞዞው ውስጥ ነው። የደጋ ሜዳ ላይ ለዓመት የሚያስኬድ ስህተት እኛ ጋ በ40 ኪሎ ሜትር ያልቃል። በጀማ በረሃ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርዱትም ይሄን ያውቁታል። ስለዚህ ወንድሞቼ ሹፌሮች፣ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ።

ደብረ ሲና ላይ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ሻይ ለመጠጣት መቆማችሁ አይቀርም፣ ከሻዩ በፊት መኪናውን ዙሩት። እጃችሁን በመዳፍ ሳይሆን በጀርባው፣ ሳትነኩ መጀመሪያ አስጠግታችሁ የሞዞውን ሙቀት ስሙት፣ ግራና ቀኙን አወዳድሩ። ሁለቱም እኩል ከሞቁ ፍሬን ነው፣ ቁልቁለቱ ነው። አንዱ ብቻ ከነደደ፣ ከሽፋኑ ስር ግራሶ እየቀለጠ ከወጣ፣ በቃ አትሂዱ። የሚያቃጥል ሞዞ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል፣ ሞዞውም ሲቀዘቅዝ ውሃው በኦይል ሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። በራሱ ይብረድ። በክረምት ጀውሃንና ሌሎቹን ወንዞች ጎርፍ ወርዶባቸው ያለፋችሁም ሞዞው ውሃ ውስጥ ከገባ ከፍታችሁ ግራሶውን እዩት፣ ነጭ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ታጥቦ ይቀየር። ጋራዥ ተከፍቶ የወጣ ጎማ ደሞ መጀመሪያ ቀን አጭር መንገድ ተሂዶ ይነካ፣ በቀጥታ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ቁልቁለት አይላክ። እኔ ያን ቀን ገብሱን ሳልጭን ጫጫ ድረስ ሄጄ ብመለስ ኖሮ የልጁ እጅ አይቃጠልም ነበር።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል አለኝ። ሹፌሩ "ጎማው ጠበቀ፣ ይከፈት" ሲላችሁ ጭነት ሊያመልጥ ነው ብላችሁ አታስቸኩሉት። እንደገና ለመክፈት ግማሽ ቀን ነው የሚሄደው፣ እኛ ሁለት ሌሊት፣ አንድ አሴ፣ አንድ ሞዞ፣ ሁለት ኩሽኔታና የአንድ ልጅ መዳፍ ነው የከፈልነው፣ ገብሱም በሌላ መኪና ተገልብጦ ነው የሄደው። ለጋራዥ ልጆችም፣ ስድብ አይደለም የምፅፈው፣ ብዙዎቻችሁ ያላስተማራችሁ ሰው ስላለ ነው፣ ጌታችሁ በቱቦ ሲጎትት አይታችሁ ነው የጎተታችሁት። የቴክኒክና ሙያ መምህራን ተማሪው አንድ ሞዞ ከፍቶ ሳይዘጋና ጨዋታውን ሳይለካ ባታስመርቁት እያልኩ እለምናለሁ። ዓመታዊ ምርመራ ላይም የአሮጌ ጭነት መኪና ፊት በክሪክ ተነስቶ ጎማው ይወዛወዝ፣ ይዙር፣ ይደመጥ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ከናንተ ከአዘጋጆቹ የምፈልገው ደሞ ይሄ ነው። በሚቀጥለው "በቴክኒክ ጉድለት" የሚል ዜና ሲመጣላችሁ፣ ጎማ ወልቆ ከሆነ፣ ዘጋቢያችሁ ሁለት ጥያቄ ይጨምርበት፣ ሞዞው መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው፣ ሲዘጋስ ማን ለካው። ስም አውጡ አላልኩም፣ ማንንም ክሰሱ አላልኩም። ጥያቄው በጋዜጣ መፃፉ ብቻ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ሰው ቁልፉን ይዞ አንዴ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ባለፈው እሁድ ያ ረዳቴ መኪናውን ይዞ እኔ ጊቢ መጣ፣ ከዛ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጋራዥ ፊቱን ከፍተውለት ነበር። አነሳነው፣ ግራው ለስለስ ብሎ ይዞራል፣ ቀኙ ግን ታንቋል። እሱ ራሱ ኮፒሊያውን አውጥቶ፣ እኔ እያዞርኩለት፣ አጠበቀ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ፣ መለሰው፣ አዲስ ኮፒሊያ አስገባ። ጫጫ ድረስ ባዶውን ሄዶ ተመለሰ። ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ ግራው አስጠጋ፣ ዞሮ ወደ ቀኙ አስጠጋ፣ ከዛ "ጋሼ፣ እኩል ናቸው" አለኝ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ